ባትሪው የሚቀየር መኪና ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አስቤያለሁ። ወደኋላ የሚጎትተኝ ቻርጅ እስኪያደርግ መጠበቁ ነው። ያለቀውን ባትሪ አውጥቶ የሞላ ማስገባት እየተቻለ ለምን ሁሉም መኪና እንደዚያ አልተሠራም? ባትሪው የሚቀየር መኪና ልጠብቅ ወይስ ገበያ ላይ ያለውን ልግዛ? ደግሞስ አዲሱን ባትሪዬን አስረክቤ የደከመ ቢሰጡኝ ምን ይውጠኛል?»

ልግዛ ወይስ ልጠብቅ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። መኪናዎ በሚያድርበት ቦታ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ አይጠብቁ፤ ይግዙ። «ለምን ሁሉም እንደዚያ አልተሠራም» የሚለው ግን ረዘም ያለ ጨዋታ ነው። ብዙ ሰው ችግሩ የማሽን ይመስለዋል። አይደለም። ማሽኑ ከተሠራ ቆይቷል። ያስቸገረው ባትሪው የማን ይሁን፣ ስንት ትርፍ ባትሪስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ የሚለው ሒሳብ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከ1910ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1924 አሜሪካ ውስጥ የሃርትፎርድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ለጭነት መኪናዎች የሚቀየር ባትሪ ያቀርብ ነበር። ደንበኛው መኪናውን ያለ ባትሪ ይገዛል። ባትሪው የኤሌክትሪክ ኩባንያው ነው። ሲያልቅ ይቀየርለታል። የሚከፍለውም በተጓዘው ማይል ልክ ሲሆን፣ በዚያ ላይ የወር የአገልግሎት ክፍያ አለ። በዚህ አሠራር መኪናዎቹ በድምሩ ከ6 ሚሊዮን ማይል በላይ ሄደዋል። ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የሚነገረን «መኪናውን ግዛ፣ ባትሪውን ተከራይ» ያኔም ነበር ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሱት ፎርክሊፍቶችም ባትሪያቸውን ሲቀያይሩ ስንት ዘመን ሆናቸው፤ ዜና ብሎ የጻፈው የለም እንጂ።

እስቲ ከመኪናው ሥር እንግባ። የዛሬ መኪና ባትሪ ከወለሉ በታች የተነጠፈ ሰፊና ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ 500 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ 400 አካባቢ ነው፤ በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች 800 ይደርሳል። መኪናው ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ጎማዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ፣ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ለዓይን አይታይም። ባትሪው ውስጥ ያሉት ኮንታክተሮች ይከፈታሉ። ኮንታክተር ማለት ትልቁን ከረንት የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ከረንቱ ሳይቆረጥ መሰኪያው ቢነቀል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ መዳቡን ያቀልጠዋል። ከዚያ መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩን የሚመግበው ኢንቨርተር ላይ የቀረው ቮልቴጅ እስኪወርድ ይጠበቃል። ይህ በሴኮንዶች ያልቃል። ቀጥሎ ከታች የሚመጣው መድረክ ባትሪውን ይደግፋል። ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ መቆለፊያዎቹ ይለቃሉ። ሣጥኑ ወርዶ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። የሞላውም በዚያው መንገድ ይመጣል። ሹፌሩ ከወንበሩ መነሳት አያስፈልገውም።

ሰው ሮቦቱን አይቶ ይደነቃል። እኔን የሚገርመኝ መሰኪያው ነው። አንድ ጊዜ ገፋ ሲያደርጉት ሦስት ነገር ማገናኘት አለበት፦ ከፍተኛውን ቮልቴጅ፣ የመረጃውን ሽቦ፣ ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ የፈሳሹን መስመር። ፈሳሹ ሲለያይ ጠብ ማለት የለበትም። መኪናው ደግሞ ሁልጊዜ ልክክ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ መሰኪያው ድርቅ ተደርጎ አይታሰርም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ እያለ፣ መሪ ካስማዎቹን ተከትሎ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ጭቃ፣ አቧራና ውሃ እያገኘው ይህንን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሳይሳሳት መድገም አለበት። ትንሽ የላላ ግንኙነት ይሞቃል፤ ሙቀቱም ግንኙነቱን ይብስ ያበላሸዋል። ይህንን ሁሉ ግን መሐንዲሶች ሠርተውታል። በየቀኑ እየሠራም ነው። ስለዚህ «አይቻልም» የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው፤ ኪሎዋት ደግሞ ኃይሉ የሚገባበት ፍጥነት። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ5 ደቂቃ በገመድ ይሞላ ቢባል 720 ኪሎዋት ይፈልጋል። የቤት ሶኬት የሚሰጠው 3 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ በዚያ 20 ሰዓት ይፈጃል። ቅያሪ ይህንን ጭንቀት ያስቀራል። መኪናው ይሄዳል፣ ባትሪው ቀርቶ ረጋ ብሎ ይሞላል። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነው።

20 ባትሪ ያለው ጣቢያ እናስብ። አንዱን ባትሪ ለመሙላት 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ጠዋት ሲከፈት ሁሉም ሞልተው ተደርድረዋል። በየ4 ደቂቃው አንድ መኪና ይመጣል። ሃያዎቹ ሳይቸገሩ ቀይረው ሄዱ። 21ኛው ሲደርስ ግን መደርደሪያው ላይ ያለው ባትሪ በሙሉ ገና እየሞላ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የገባው እንኳ 40 ደቂቃ ይቀረዋል። 40 ደቂቃ! በዚህ ጊዜ ጥሩ ፈጣን ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ሞልቶ መንገዱን ቀጥሏል። ቅያሪው ራሱ የሚወስደው 5 ደቂቃ መሆኑ ለ21ኛው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

ባለጣቢያው ምን ያድርግ? አንዱ መንገድ ባትሪ መጨመር ነው። ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2024 ያወጣው የዓለም አማካይ የባትሪ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ነበር። በዚህ ሒሳብ የ60 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ 6,900 ዶላር ነው። 20ዎቹ 138,000 ዶላር ይሆናሉ። ማሽኑ፣ ቦታውና ትራንስፎርመሩ ገና አልተነኩም። በዚያ ላይ ባትሪው መኪና ላይ ባይሆንም ያረጃል፤ ቆሞም ይደክማል። ሁለተኛው መንገድ ቶሎ መሙላት ነው። ይሄ ደግሞ የሸሸነውን ነገር በጓሮ በር መልሶ ያስገባል። ኒዮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሦስተኛው ትውልድ ጣቢያው 21 ባትሪ ይዞ በቀን እስከ 408 ጊዜ መቀየር እንደሚችል ይናገራል። እስቲ ያካፍሉት። አንድ ባትሪ ገብቶ፣ ሞልቶ፣ ተመልሶ እስኪወጣ ያለው ጊዜ 1 ሰዓት ከሩብ አይሞላም። በሰዓት 17 መኪና ማለት ነው። እያንዳንዱ 50 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ ጣቢያው ያለማቋረጥ 850 ኪሎዋት ይስባል። ኃይሉ ከሰማይ አይወርድም። መኪናው የሚጨርሰው ሁሉ በዚያው መስመር መምጣት አለበት።

ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? ጣቢያው መቼ እንደሚሞላ መምረጥ ይችላል። መኪናው ላይ ያለው ሰው ቸኩሏል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ባትሪ ግን አይቸኩልም። ሰው ሁሉ መብራት በሚጠቀምበት ሰዓት ቀዝቀዝ ብሎ፣ ሌሊት ደግሞ በርታ ብሎ መሙላት ይቻላል። ባትሪውም ይጠቀማል። የሊቲየም ባትሪ ጠላቶቹ ሙቀትና ጥድፊያ ናቸው። በተለይ ብርድ ላይ በኃይል ሲሞላ ሊቲየሙ ገብቶ መቀመጥ ሲገባው ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፤ ከዚያ አቅም ከፊሉ ተመልሶ አይገኝም። ጣቢያው የባትሪውን ሙቀት አስተካክሎ በልኩ ሲሞላ ይህንን ያስቀራል። እንደ እኔ ስለ ቅያሪ ሲወራ በቂ ቦታ የማይሰጠው ነገር ይሄ ነው። የሚወራው ሁሌም ስለ 5 ደቂቃው ነው።

የከሰሩትን ደግሞ እንይ። ቤተር ፕሌስ በ2007 ተመሠረተ። መሥራቹ ሻይ አጋሲ ይባላል። ኩባንያው ወደ 850 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ እስራኤልና ዴንማርክ ውስጥ የቅያሪ ጣቢያዎች ተከለ። አሠራሩ ይሠራ ነበር። ባትሪው የሚቀየረው መኪና ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ሬኖ ፍሉዌንስ። ያውም 22 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚይዝ። የተሸጠው መኪና 1,500 እንኳ ሳይደርስ ኩባንያው በግንቦት 2013 ከሰረ። ጣቢያው ቀድሞ ካልተተከለ መኪናውን የሚገዛ የለም፤ መኪናው ካልተሸጠ ደግሞ ጣቢያው ቆሞ ገንዘብ ይበላል። ቤተር ፕሌስ ጣቢያውን አስቀደመ፣ መኪናው ሳይመጣ ቀረ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ቴስላ መድረክ ላይ ሞዴል ኤስ አቁሞ ባትሪውን በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ቀየረው። ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮና በሎስ አንጀለስ መካከል አንድ የሙከራ ጣቢያ ከፈተ። ከተጋበዙት ባለመኪናዎች የመጡት ጥቂት ነበሩ። ምክንያቱ አያስደንቅም። ፈጣን ቻርጀሩ ያኔ ለእነሱ ነፃ ነበር፣ ቅያሪው ግን ይከፈልበታል። ደግሞ የእርስዎ ጥያቄ እዚያም ተነስቷል። ባትሪው የባለመኪናው ስለነበር፣ የታሰበው ሲመለስ የራሱን ባትሪ እንዲወስድ፣ ካልፈለገ ደግሞ የዋጋ ልዩነቱን እንዲከፍል ነበር። መንገደኛ ሰው በሄደበት እንዲመለስ ማስገደድ ራሱ ጣጣ ነው። ቴስላ ነገሩን ተወው።

ኒዮ ይህንን ከሥሩ ቀየረው። የመጀመሪያውን ጣቢያ በ2018 ሼንዘን ውስጥ ከፈተ። በነሐሴ 2020 ደግሞ ባትሪውን ከመኪናው ዋጋ ነጥሎ ማከራየት ጀመረ። ያኔ የ70 ኪሎዋት ሰዓቱን ባትሪ የተከራየ ሰው መኪናውን በ70,000 ዩዋን ቀንሶ ይገዛል፣ በወር 980 ዩዋን ይከፍላል። ዛሬ ጣቢያዎቹ ከ3,000 በላይ ናቸው። ይሄ ማለት ግን አትራፊ ነው ማለት አይደለም። ኩባንያው እስከ 2024 ድረስ በየዓመቱ የዘጋው በኪሳራ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የጣቢያዎቹ ነው አልልም፤ ሸክሙ ቀላል ነው ብዬም አላታልልዎትም።

እንግዲህ የደከመ ባትሪ ቢደርሰኝስ ወዳሉት እንምጣ። ባትሪው የእርስዎ ከሆነ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። በኪራይ ከሆነ ግን የሚያስጨንቅዎ የለም። የጋዝ ሲሊንደር ሲቀይሩ ቆርቆሮው አዲስ ይሁን አሮጌ አይጨነቁም፤ የሚፈልጉት ጋዙን ነው። ባትሪም እንደዚያ ነው፤ አንድ ልዩነት ግን አለ። አሮጌ ሲሊንደር የሚይዘው ጋዝ አይቀንስም፣ አሮጌ ባትሪ ግን የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል። ሲገዛ 60 ኪሎዋት ሰዓት የነበረው አቅሙ 85 በመቶ ሲደርስ 51 ብቻ ነው። ሁለቱም ዳሽቦርድ ላይ «100 በመቶ» ይላሉ። አንደኛው ያደርስዎታል፣ ሌላው ከመድረስዎ በፊት ያልቃል። ጥሩ ጣቢያ እያንዳንዱ ባትሪ በገባ ቁጥር ቀሪ አቅሙንና የውስጥ ተቃውሞውን (ከረንት በውስጡ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚቸገር) ይለካል፤ ደከም ያለውን ያወጣዋል። ክፍያውም በገባልዎት ኪሎዋት ሰዓት ልክ ከሆነ ቢያንስ ገንዘብዎ አይበላም። በቅያሪ ቁጥር ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ 51ም 60ም እኩል ሊያስከፍሉዎት ነው።

ለምን ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ባትሪ አይኖረውም? ባትሪው የመኪናው አካል እየሆነ ስለሄደ ነው። አንዳንድ አምራቾች ሣጥኑን ራሱን ወለል አድርገውታል። መኪናው ሲጋጭ ጉልበቱን ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ ሲነቅሉት መኪናው ይጎድላል። በዚያ ላይ የአንዱ ቮልቴጅ 400፣ የሌላው 800 ነው። ማቀዝቀዣው ከላይ ነው፣ ከታች ነው፣ ከጎን ነው። ሶፍትዌሩም አይግባባም። ደግሞ አምራቾች የሚፎካከሩት በባትሪያቸው ነው። አንድ ዓይነት ሣጥን እንሥራ ማለት ዋናውን ጉዳይ ለሌላ አሳልፈን እንስጥ እንደማለት ነው። ባትሪ ሠሪዎቹ ግን ይህንን ይወዱታል፤ የቻይናው ሲኤቲኤል መለኪያቸው የተወሰነ ባትሪዎችን አውጥቶ ብዙ አምራቾችን ለማሰባሰብ እየሠራ ያለው ለዚህ ነው። እኔ ቢሳካላቸው ደስ ይለኛል፤ ቶሎ ይሆናል ብዬ ግን አልጠብቅም።

ሞተር ሳይክል ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው 10 ኪሎ ገደማ ነው። ሰው በእጁ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ካለው ሣጥን ይሰካና የሞላውን ይዞ ይሄዳል። ሮቦት የለም፣ ሐዲድ የለም። ታይዋን ውስጥ ጎጎሮ የተባለው ኩባንያ ይህንን በ2015 ጀምሮ በየከተማው አዳረሰው። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ኬቲኤምና ፒያጆ በ2021 ባትሪያቸው አንድ ዓይነት እንዲሆን ማኅበር መሥርተዋል። ኪጋሊ ውስጥ አምፐርሳንድ የተባለው ኩባንያ ለሞተር ታክሲ ሹፌሮች ባትሪ ይቀይራል። ሞተረኛ ሲቆም ገቢው ይቆማል። ሁለት ሰዓት ተሰክቶ መጠበቅ የቀኑን ሥራ ያበላሽበታል። ስለዚህ ለቅያሪ የሚከፍለው ከኪሱ ሲወጣ አይቆጨውም።

ከባድ መኪናም እንደዚሁ። ቻይና ውስጥ በ2022 ከተሸጡት የኤሌክትሪክ ከባድ መኪናዎች ግማሽ የሚጠጉት ባትሪያቸው የሚቀየር ነበር። 282 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ፣ 3 ቶን ገደማ የሚመዝን ሣጥን ከካቢናው ጀርባ ቆሞ በክሬን ከላይ ይነሳል። ከማዕድን ማውጫ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ወደብ የሚመላለስ መኪና ነው። መንገዱ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አንድ ድርጅት ነው። በ20 ባትሪው ጣቢያ 21ኛው መኪና ላይ የደረሰው እዚህ አይደርስም፤ ስንት መኪና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከማታው ተጽፎ አድሯል።

የግል መኪና ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይውላል፣ ቆሞ ያድራል። ቆሞ ከሚያድር መኪና ላይ ባትሪ መንቀል ምን ይሉታል? 7 ኪሎዋት የምትሰጥ ትንሽ የግድግዳ ቻርጀር 60 ኪሎዋት ሰዓቱን ከ9 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትሞላዋለች። እርስዎ ተኝተው። በዚያ ላይ ገመዱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ በመጋቢት 2025 እስከ 1,000 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር አሳይቷል፤ በ5 ደቂቃ 400 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ይሞላል ተብሎለታል። እንዲህ ዓይነቱ በየመንገዱ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ መስመሩም ይከብዳል። ቅያሪ ብቻውን ይዞት የነበረውን የፍጥነት ብልጫ ግን ነጥቆታል።

ስለዚህ መኪናዎ ለግል ከሆነና ማታ የሚሰካበት ካለው ይግዙ፤ ረጅም መንገድ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከሆነ ያንን በፈጣን ቻርጀር ይወጡታል። የሚኖሩት መሰኪያ የሌለው ፎቅ ላይ ከሆነ፣ ወይም መኪናው በፈረቃ ቀን ከሌት የሚሠራ ታክሲ ከሆነ፣ ቅያሪን በቁም ነገር ያስቡት። ያኔም ቢሆን ጣቢያው «ሊከፈት ነው» ሳይሆን ተከፍቶ፣ በየቀኑ መንገድዎ ላይ ሊኖር ይገባል። ሰው በበዛበት ሰዓት ሄደው ይቁሙና ወረፋውን ይዩ።

የባትሪ ኪራይ ውል ሊፈርሙ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ነገር ይጠይቁ። መኪናውን ስሸጥ ኪራዩ ወደ ገዢው ይተላለፋል ወይስ እኔ ዘግቼ እወጣለሁ? ሬኖ ዞዊ አውሮፓ ውስጥ በባትሪ ኪራይ ትሸጥ በነበረበት ጊዜ ያገለገለ መኪና ገዢዎችን ብዙ ያወዛገበው ይሄ ነበር። አንድ ባትሪ ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ ከአገልግሎት ይወጣል? ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ። ኩባንያው ቢዘጋ መኪናው ላይ ያለው ባትሪ የማን ይሆናል፣ በስንት ዋጋስ መግዛት እችላለሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ወረቀቱን አይመለከትም። መኪናው ባትሪው ቢቀየርም በገመድም መሞላት ይችላል ወይ? የኒዮ መኪናዎች በሁለቱም ይሞላሉ። የገመድ መሰኪያ የሌለው መኪና ካቀረቡልዎት አይፈርሙ።